ስለ ምግብ ብክነትና ስለ ምድር አደራ

ምስጋና ምድርን ለፍጡራኑ ሁሉ ማዕድ አድርጎ ለዘረጋው፥ ዝናቡንም በልክ ለሚያወርደው አላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ነጋዴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ሒሳቡን ይመረምራል። ከጆንያው ስንት እንደ ጎደለ፥ ከሚዛኑ ምን ያህል እንደ ፈሰሰ ጠንቅቆ ያውቃል። ይኸው ሰው እቤቱ ሲገባ ግን ከማዕዱ የተረፈው ሥጋና እህል ወደ ጥራጊ ሲጣል እያየ ዝም ይላል። ያም ከገንዘቡ የጎደለ መሆኑን አያስብምን?

አላህ በሱረቱል አዕራፍ በ31ኛው አንቀጽ መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ፥ በዚያው አንቀጽ ማባከንን ከልክሏል። ፈቃዱና ክልከላው ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ አድርጉ፤ ሐላሉም ቢሆን ከልክ ሲያልፍ ያስጠይቃልና። ዑለማእ ብክነት በገንዘብና በሰውነት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ አስተምረዋል። በዘመናችን ደግሞ ሌላ ተጎጂ ታውቋል፤ እርሷም ምድር ራሷ ናት።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ባወጣው መግለጫ፥ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ መጣሉን ገልጿል። ይህ ለሸማቾች ከቀረበው ምግብ 19 ከመቶ ነው። ከተጣለውም ውስጥ ከመደብሮች የወጣው 12 ከመቶ ሲሆን፥ 60 ከመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከገበያው ይልቅ የእኛን ጓዳ ይመለከታል።

የተጣለው ምግብ አየር በማይደርስበት የጥራጊ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በ20 ዓመት ውስጥ ሲለካ ሙቀትን የመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 80 እጥፍ ይጠጋል። እህሉን ለማብቀል የፈሰሰው ውሃ፥ ለማጓጓዝ የነደደው ነዳጅ፥ የገበሬውም ላብ ሁሉ አብሮ ከንቱ ይቀራል።

ስለ ሥጋ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የሚያመሰኩ እንስሳት ከሆዳቸው ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጡ፥ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ በምድር ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከአንድ ኪሎ ምስር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ስንል ሥጋን የምንነቅፍ አይደለንም፤ አላህ የፈቀደውን ሐራም ማለት ድንበር ማለፍ ነው። በደረቅ አገር ሰው የማይበላውን ሣር ወደ ወተት የሚለውጥ አርብቶ አደርም አይወቀስም። ጥያቄው ሥጋ ሳይኖር ምግብ የበላ ስለማይመስለው ባለጸጋ ነው። እናታችን ዓኢሻ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ወር አልፎ ወር ሲተካ እሳት ሳይነድ፥ በተምርና በውሃ ይኖሩ እንደ ነበር ተናግረዋል። ነቢዩም አቡ ዘርን መረቅ ሲሠሩ ውሃውን እንዲያበዙና ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። በዚህ ምክር ሥጋው ሳይጨምር ከአንድ ድስት የሚበላው ሰው ይበዛል።

አንዳንዱ «ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ለእንግዶቻቸው ወይፈን አቅርበው የለምን?» ይላል። እውነት ነው፥ አቅርበዋል። ነገር ግን ለጋስነት ሰውን ማብላት ነው፤ የተጣለው ምግብ ማንን አበላ? የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፥ የሦስቱም ለአራት እንደሚበቃ ያስተማሩን ነቢዩ ናቸው። በሠርግና በረመዷን ማፍጠሪያ ላይ የምግቡን ዓይነት በማብዛት የሚደረገው ፉክክር ከለጋስነት ይልቅ ወደ ታይታ ያደላል።

በሚና የሆነውን ተመልከቱ። በሐጅ ቀናት የሚታረደው እርድ ከተመጋቢው በልጦ ብዙ ሥጋ ይቀበር ነበር። በ1403 ዓመተ ሂጅራ፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983፥ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ሥጋውን ለድኾች የሚያደርስ ሥራ አቋቁሞ አመራሩን ለእስላማዊ ልማት ባንክ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሥጋው እየቀዘቀዘ ለሐረም ድኾችና ለሌሎች አገሮች ችግረኞች ይላካል። ዒባዳው እንደ ነበረ ነው፤ የቀረው ብክነቱ ነው። መሠረቱም የቆየ ነው። በመዲና ድኾች በገቡበት ዓመት ነቢዩ የእርድ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከልክለው፥ በሚቀጥለው ዓመት ችግሩ ሲቃለል እንዲበሉ፥ እንዲያስቀምጡና እንዲመጸውቱ ፈቅደዋል። (የተርጓሚው ቃል፦ በዚያ ከሚታረዱት በጎችና ፍየሎች ብዙዎቹ ከበርበራና ከጅቡቲ ወደብ ተጭነው የሚሻገሩ ናቸው። የአገራችን የከብት ነጋዴዎች እነዚህ እንስሳት ስንት ውሃና ግጦሽ እንደ ጨረሱ ከማንም በላይ ያውቃሉ።)

እንግዲህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጓዳችሁን ፈትሹ። ነጋዴም አትክልቱ ሳይጠወልግ በምሽት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይሽጥ፤ ዋጋ ይወደዳል ብሎ እህልን እስኪነቅዝ የሚያከማች ሰው በሰውም በምድርም ላይ ይበድላል። የተረፈውን ለጎረቤት የምትልኩት ትኩስ ሳለ በዚያው ምሽት ይሁን፤ ለራሳችሁ የማትቀበሉትን የሻገተ ነገር ምጽዋት አታድርጉት። ለሰው የማይሆነው ለፍየልና ለዶሮ ይሰጥ፤ ሕይወት ላለው ሁሉ በመራራት ምንዳ አለና። እነርሱም የማይበሉት ልጣጭና ገለባ ከጓሮ አትክልት ሥር በአፈር ይሸፈን።