ብርቅ ሳንቲም በማን እጅ ይላካል?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ገንዘብን ከአንድ አገር ወደ ሌላው ማድረስ እጅግ አድካሚ ሥራ እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ገንዘቡ ወረቀት አልነበረምና። የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ሺሕ ብር 28 ኪሎ፣ ሦስት ሺሕ ብር ደግሞ 84 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም ለአንዲት በቅሎ በቂ ጭነት ነው። የሲራራ ነጋዴ ብቻውን የማይጓዘው፣ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ የሚሄደው አንድም ስለዚህ ነበረ።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጦአል። ገንዘቡ በስልክ ይላካል፤ ያ አሮጌ ብር ግን ብርቅ ዕቃ ሆኖ በኢንተርኔት ገዢ ስለሚፈለግለት እንደ ገና በሰው እጅ መጓዝ አስፈልጎታል። እኔም ይህን ነገር ያጠናሁት ለመጽሔታችን ብዬ ብቻ አይደለም፤ በቤታችን ጉዳዩ ስለ መጣ ነው።

ወንዛዬ ከፍል ውኃው አጠገብ ትኖር የነበረችው አያቴ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ ተገኘ። አራት ጠገራ፣ አንድ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ ዐሥራ ሁለት የ1936 ዓ. ም. ሽልንግና አንድ ክብ ስሙኒ ነበረ። ባሕር ዳር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ፎቶግራፉን በኢንተርኔት ቢያወጣው ሁለት ገዢዎች ተነሡ። አንደኛው የአዲስ አበባ ሰው ሲሆን ሽልንጎቹንና ስሙኒውን ፈለገ፤ ሁለተኛው በውጭ አገር የሚኖር ሆኖ ሁሉንም በእጥፍ ዋጋ እገዛለሁ አለ። ገንዘቡ ለእኅቴ የኮሌጅ ወጪ የታሰበ ስለ ነበረ ጉዳዩ ቀላል አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፤ ስሙኒው ለምን ተፈለገ ትል ይሆናል። በ1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሳንቲሞቹ ሁሉ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት ተቀርጾባቸው ነበር። ሽልንጉ፣ ማለት ባለ 50 ሳንቲሙ፣ ከብር የተሠራና ሰባት ግራም የሚመዝን ነው። ባለ 25 ሳንቲሙ ስሙኒ ግን መዳብ ነው፤ መጀመሪያ ዙሪያው ክብ ሆኖ ቢወጣ ከሽልንጉ ጋር ስለ ተመሳሰለ ተሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ ቅጠል በተቀረጸው ተተካ። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ከብሩ ሽልንግ ይልቅ ብርቅ ሆነ። መዳብ ከብር በልጦ ሲፈለግ ማየት የሚያስቅ ነገር ነው።

ወደ አጓጓዡ ከመድረሳችን በፊት ግን ሕጉ ይቀድማል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ ሳንቲሞችን ከሚንቀሳቀሱ ቅርሶች መካከል ይቆጥራቸዋል፤ ቅርስንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተፈረመው የዩኔስኮ ስምምነትም ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሳንቲሞች በስም ይጠቅሳል። የምኒልክ ብር በፓሪስ የተመታ ሲሆን 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት አለበት፤ መቶውን ዓመት ካለፈ ቆይቶአል። ስለዚህ የውጭ አገሩ ገዢ እጥፍ ዋጋ ቢሰጥም የሚያምነው አጓጓዥ አይገኝለትም፤ ዕቃው በጉምሩክ ቢያዝ ላኪው ይጠየቃልና። አባቴም ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከጠየቀ በኋላ ጠገራዎቹና የምኒልኩ ብር ከቤት እንዳይወጡ ቆረጠ። እናቴ ግን ለብዙ ቀን በእጥፉ ዋጋ ስታዝን ነበረች፤ እኔም አልፈርድባትም።

የቀረው ለአዲስ አበባው ገዢ የሚላከው ነበረ። በእኛ አገር ብዙ ሰው ዕቃ የሚልከው በአውቶቡስ ነው፤ ለረዳቱ ጥቂት ብር ተሰጥቶት፣ የተቀባዩ የስልክ ቁጥር በዕቃው ላይ ተጽፎ ይሄዳል። ለቅቤና ለበርበሬ መልካም ነው። ለብርቅ ሳንቲም ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል፤ ደረሰኝ የለውም፣ ዋጋው አልተነገረም፣ ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም። አንድ የማውቀው ሰው በዚህ መንገድ አሮጌ ሳንቲም ልኮ ፖስታው በአንድ ጐኑ ተቀዶ ባዶውን ደርሶአል። ረዳቱ ሰረቀ ለማለት ማስረጃ የለም፤ ከባዱ ሳንቲም ስሱን ወረቀት ራሱ ቀድዶት ወድቆም ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ይህን ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛው የግል ፈጣን መልእክተኛ ኩባንያ ነው። ፈጣን መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ገንዘብንና ሳንቲምን ከማይቀበሉት ዕቃ ይቆጥሩታል፤ ወይም ቢቀበሉም ሲጠፋ ካሣ አይከፍሉበትም። አንዳንድ ላኪ ይህን አውቆ በቅጹ ላይ «መለዋወጫ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ራስን ማታለል ነው፤ ዕቃው የጠፋ ቀን ኩባንያው የሚክሰው ለመለዋወጫው ነው እንጂ ለስሙኒው አይደለም።

ሦስተኛው ፖስታ ቤት ነው። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ. ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። የኅብረቱ ሕግ ወደ ውጭ ስለሚላክ ሳንቲም ሲናገር ኢንሹራንስ በሌለው ተራ ደብዳቤ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የላኪውና የተቀባዩ አገር ሕግ ሲፈቅድ ግን በታሸገ ፖስታ በሪኮማንዴ መሄድ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ቃላት አሉ። ሪኮማንዴ ማለት ዕቃው በቁጥር ተመዝግቦ፣ የሚቀበለውም ፈርሞ የሚረከበው ነው፤ ቢጠፋ የሚከፈለው በደንብ የተወሰነ አነስተኛ ገንዘብ ነው። ኢንሹራንስ ግን ላኪው ባስመዘገበው ዋጋ ልክ ይክሳል። አንዱ ዕቃው እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ ሌላው ከጠፋ በኋላ ይከፍላል።

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ምን እንዳተረፈ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በ1951 ዓ. ም. (በአውሮፓ 1958) ሃሪ ዊንስተን የተባለው የኒው ዮርክ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ «ሆፕ» የተባለውን ታላቅ አልማዝ ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ሲሰጥ ዕቃውን የላከው በዘበኛ ታጅቦ ሳይሆን በተራ ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ነው። የከፈለው በጠቅላላ 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ሲሆን፣ የመላኪያው ዋጋ 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም ብቻ ነበረ፤ የቀረው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ነው። አልማዙም በደኅና ደረሰ።

አራተኛው መንገድ የታመነ ዘመድ ነው። ሌላው ሁሉ ቢባል እኔ ይህን አላቃልልም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካለና ዕቃው ትንሽ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም። ሆኖም ለአንድ ጊዜ ነው፤ ደጋግሞ ለሚሸጥ ሰው አይሆንም፤ ቢጠፋም ዘመድ ካሣ አይጠየቅም።

እኛ ፖስታ ቤቱን መረጥን። ከመላካችን በፊት እያንዳንዱን ሳንቲም በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ሚዛን መዘንሁት፤ ሽልንጎቹ ስላለቁ ሁሉም ከሰባት ግራም በጥቂት ያንሱ ነበር። ክብደቱን ጽፈን በፊትና በጀርባ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ይህም በመንገድ ሌላ ሳንቲም ቢተካበት እንዲታወቅ ነው። ማጠብ ወይም በአመድ መፈተግ ዋጋውን ስለሚቀንስ ማንም እንዳይነካው ተደረገ። እያንዳንዱን በወፍራም ወረቀት ለየብቻ ጠቅልለን፣ በሁለት ካርቶን መካከል አጣብቀን፣ ሲነቀነቅ እንዳይጮህ አድርገን በትንሽ ሣጥን ውስጥ አሸግነው፤ የሚጮህ ዕቃ ምንነቱን ራሱ ይናገራልና። በላዩ ላይም ብር ወይም ሳንቲም የሚል ቃል አልጻፍንም፤ በፖስታ ቤቱ ቅጽ ላይ ግን እውነቱን ሞላን።

ገዢው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለ ነበረው መታወቂያውን አሳይቶ ፈርሞ ተረከበ። ሣጥኑን ሲከፍት በስልኩ እንዲቀርጽ አስቀድመን ተስማምተን ስለ ነበረ ስሙኒውን በሚዛን ላይ ሲያኖር የሚያሳየው ሥዕል በዚያው ቀን ደረሰን። ቁጥሩ እኛ ከጻፍነው ጋር ልክ ነበር፤ የቀረውንም ገንዘብ በማግሥቱ ላከ።