መዋጮው ለግንብ ወይስ ለመንገድ?

(ለጥናት ክበብ ውይይት የቀረበ)

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ፣ በአገር ቤት ከሚገኙት የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች ለአንዱ መዋጮ እናሰባስብ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ሐሳቡን የተቃወመ አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል በሚለው ነው፤ ገሚሱ የማኅበራችን ስም የሚጻፍበት አዳራሽ፣ ገሚሱ ኮምፒዩተር አለ። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ገንዘቡ ተማሪው ከግቢ ወጥቶ በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ለሚሠራው ሥራ መዋል አለበት እንላለን። ምክንያታችንን በጎንደር ምሳሌነት እናስረዳለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የልማት እርዳታ ጋር በመተባበር ያቋቋመው ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኮሌጁ በመጀመሪያ ያሠለጠነው ሐኪሞችን አለመሆኑ ነው። ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያን የሚባሉትን የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች ነበር፤ ማለትም በየአውራጃው ጤና ጣቢያ ገብተው፣ በሽታው ሰው ሳይጥል በፊት ውሃውንና መጸዳጃውን የሚያዩ ሰዎችን። ሐኪም ማሠልጠን የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ደግሞ በ2004 ነው።

የዚህ ሥራ እምብርት የቡድን ሥልጠና የሚባለው ነው። ሊመረቁ የተቃረቡ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደራጅተው፣ ጤና ጣቢያ ባለበት ትንሽ ከተማ ለሳምንታት ይቀመጣሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ስንት ልጅ ተከተበ፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ መጸዳጃ አለ ወይ፣ እናት የት ወለደች። ያገኙትን ቆጥረው ለአካባቢው ሰው ያቀርባሉ፤ ከችግሮቹም መካከል ቅድሚያ የሚሰጠውን ይለያሉ። ከዚያም እጃቸውን አጣጥፈው አይመለሱም፤ መፍትሔ ነው ያሉትን ራሳቸው ይጀምራሉ። ምንጭ ያጎለብታሉ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ያስተምራሉ። ነርሷ ያለ ሳኒታሪያኑ ብዙ ርቃ መሄድ እንደማትችል የምታውቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህን በክፍል ውስጥ ማንም ሊያስተምራት አይችልም። ጅማም በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋሙ ሲከፈት ትምህርቱን የመሠረተው በዚሁ በኅብረተሰቡ ውስጥ በመማር መርሕ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምን ይፈልጋል? ናፍጣ፣ የመኪና ጎማ፣ የተማሪ ማደሪያ ኪራይና ቀለብ፣ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል። ለአንዱም ሪባን አይቆረጥለትም። ግንብ ሲመረቅ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ናፍጣ ግን ተቃጥሎ ያልቃል። ለጋሽ ሁሉ ወደ ግንቡ የሚያደላው ስለዚህ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ዛሬ ከአርባ በላይ ደርሷል። ሁሉም ማስተማር፣ መመራመርና ኅብረተሰቡን ማገልገል የሚሉ ሦስት ተግባሮች አሏቸው፤ በጀት ሲጠብ ግን በመጀመሪያ የሚቀነሰው ከሦስተኛው እንደሆነ ከግቢ የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ኬሚካልና መለዋወጫ በብር ዋጋው ንሯል። በውጭ ምንዛሪ የምናዋጣው ትንሽ ገንዘብ ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

እኛም ከስሕተት ንጹሕ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ ለማያስፈልገን አንድ ካምፓስ ያገለገለ የላቦራቶሪ መሣሪያ ገዝተን ልከን ነበር። ስናስረክብ ተጨበጨበ። በኋላ እንደ ሰማነው መሣሪያው የሚሠራበት ኬሚካል በአገር ውስጥ ስላልተገኘ እንደ ታሸገ ቀረ። ምን ያስፈልጋችኋል ብለን አልጠየቅንም፤ እነሱም የሰው ስጦታ መመለስ ነውር መስሏቸው ዝም አሉ።

ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከገዛ አገራችን እናገኛለን። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ሁሉም እንደ አቅሙ እያዋጣ፣ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ አሠርተዋል። የዚህ ሥራ ጥንካሬ አዋጪው ራሱ በመንገዱ የሚሄድበት መሆኑ ነው፤ ጭቃው የት ላይ እንደሚይዝ ያውቃል። እኛ ሩቅ ነን፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ይኖርብናል።

ሐሳባችን እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ጥቂት እናዋጣ። አርባ አባላት በወር ዐሥር ዐሥር ዶላር ብናወጣ በዓመት 4,800 ዶላር ይሆናል። ውሉ ለሦስት ዓመት፣ ለአንድ ካምፓስና ለአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ይሁን። የወጪው ዝርዝር ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን፣ የአካባቢው ዕድር ሰብሳቢዎች እንዲያዩት በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይም ይለጠፍ፤ ሒሳብ መቆጣጠር ዕድር ከእኛ ይልቅ ያውቅበታል። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጎንደርን የምንመርጥ ከሆነ ቡድኖቹ መውጣት የማይችሉበት ወቅት ሊያጋጥም ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ገንዘቡ ተቀማጭ ሆኖ ይቆይ እንጂ ሳንጠየቅ ወደ ግንብ አይዙር።

በአንድ ነገር ላይ ግን በክበባችን ውስጥ አልተስማማንም። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከምናገኛቸው፣ በሰው ቤት ከሚሠሩት እህቶቻችን እናሰባስብ የሚሉ አሉ። ሌሎቻችን ተቃወምን፤ እነዚህ እህቶች የታናናሾቻቸውን ደብተርና ዩኒፎርም ከዚያች ደመወዛቸው የሚችሉ ናቸው፣ ለትምህርት ከማናችንም በላይ ሰጥተዋል። አትስጡ ማለትም ንቀት ነው የሚል መልስ ተሰጠን፤ መልሱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብዙዎቻችን የደረስንበት፣ የሚያዋጡ ከሆነ በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ያላቸው ተወካዮች ይኑሯቸው፣ ካልሆነ ሣጥን ይዘን ፊታቸው አንቁም የሚል ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ከዚህ ነጥብ ይጀምራል፤ አባላት ከዚያ በፊት ከእነርሱ ቢያንስ አንዷን አነጋግረው እንዲመጡ እንጠይቃለን።