እስኪ ወረቀቱን አሳዪኝ

ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ስልኩንም ወዲያ በዪው። ያስደነገጠሽ ይሄ ነው? ባለፈው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ 900 ነበር፣ አሁን 1150 ሆነ። አየሁት። እግርሽ አላበጠም፤ ደረጃውን ትንፋሽ ሳያጥርሽ ወጥተሻል፤ ትራስ ሳትደራርቢ ተኝተሽ አድረሻል። ታዲያ ምን ሆንኩ ትያለሽ የኔ እናት?

መጀመሪያ የሚለካውን ነገር እወቂው። ልብ ሲወጠር ቢኤንፒ የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ኩላሊት ትርፍ ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ የሚያደርግ ነው። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ደግሞ ሆርሞኑ ሲሠራ አብሮት የሚወጣ ቁራጭ ነው። ቢኤንፒ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ ቁራጩ ግን ትንሽ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ እየተመረተ ቀኑን ሙሉ የሚወገድ ነገር እንዴት ባለበት ይቁምልሽ? የልብ ድካሙ ተረጋግቶ፣ መድኃኒቱም ሳይለወጥ፣ ቁጥሩ እንደ ሽንኩርት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ከፍ ዝቅ ይላል። ሩብ ያህል ስለጨመረ ብቻ በሽታው ባሰ አይባልም፤ ሩብ ስለቀነሰም ዳንኩ ብለሽ ኪኒኑን እንዳታቆሚ! እጥፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ቀን አብረን ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን።

ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ተመርመሪ፣ ሆዴ። ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው «እዚያ ረከሰልኝ» እያልሽ አትዙሪ። መሣሪያው ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ቢኤንፒና ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒም ስማቸው ተቀራረበ እንጂ ቁጥራቸው አይወዳደርም። በተለይ ሳኩቢትሪል ያለበትን መድኃኒት ካስጀመሩሽ፣ መድኃኒቱ ቢኤንፒን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ቢኤንፒሽ ከፍ ሊል ይችላል። ያኔ የሚታየው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው ነው።

ከእትዬ እገሊት ውጤት ጋር ማስተያየቱንም ተዪው። ዕድሜ ከፍ ያደርገዋል፤ የኩላሊት ድካምና የልብ ምት መዛባትም እንደዚያው። ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ከሚጠበቀው ዝቅ ይላል። ለጸጉርሽ ብለሽ የምትውጪውን ባዮቲንም ደም ለሚቀዳልሽ ሰው ንገሪ፤ መጠኑ ሲበዛ አንዳንዱን መሣሪያ ያሳስተዋል። (ጸጉርሽስ አምሮበታል፣ እሱን አልክድም።)

ትሮፖኒን የሚባለው ሌላው የልብ የደም ምርመራም ጠባዩ ከዚህ አይርቅም። የቆየ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሀርት አታክ ሳይዘው ትሮፖኒኑ ትንሽ ከፍ እንዳለ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከሰዓታት በኋላ ደግመው ደም ሲቀዱሽ «ቅድም ወስዳችሁ የለ?» ብለሽ አትቆጫቸው። የሚፈልጉት ቁጥሩ እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን ነው። ደረትሽን ካፈነሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን የትናንቱን ወረቀት እያገላበጥሽ አትቆዪ፤ ተነሥተሽ ሂጂ።

በየቀኑ የምትከታተዪው ቁጥር ካማረሽ፣ ሚዛኑን ከአልጋው ሥር አውጪው። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በዚያው ቀሚስ ተመዘኚ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመርሽ ውሃ እየያዝሽ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምሽ ደውዪ። የበዓል ማግስት ከሆነም ጨው የበዛበት ወጥ መብላትሽን አትደብቂ፣ ማንም አይገርፍሽም። ውሃ የሚያስወጣልሽን ኪኒን፣ ላሲክሱን፣ ግን በራስሽ እጅ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ «ይህን ያህል ከጨመርሽ ይህን ያህል ውሰጂ» ብሎሽ ካልሆነ በቀር።

ለቀጠሮሽ ያለፉትን ውጤቶች ሁሉ አንድ ላይ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ የሚያነበው አካሄዱን ነው። በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ የዚያን ቀን ክብደትሽን፣ የተለወጠ መድኃኒት ካለም እሱን ጻፊበት። ይኸው እስክሪብቶ፤ ከዛሬው ጀምሪ።