በንፋስ ሞተር ለምትነዱ ጀማሪዎች

እንደ አዳማ ንፋስ በሚበዛበት ከተማ ሞተር መንዳት ለጀመራችሁ ዛሬ አንድ ምክር አለኝ፦ ንፋሱን በክንዳችሁ አትታገሉት።

ሰው ሲፈራ መሪውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ያኔ ክንድና ትከሻ ይደርቃል፤ ንፋሱ ሰውነታችሁን በገፋ ቁጥር እጃችሁ ሳታስቡት መሪውን ያዞረዋል። ስለዚህ፦

✅ ክርናችሁን አላሉ፤ የነዳጅ ታንከሩን በጉልበታችሁ ያዙ፤ ትንሽ ጎንበስ በሉ።
✅ ፍጥነት ቀንሱ፤ የመስመራችሁን መሃል ያዙ።
✅ ንፋሱ ከግራ ከመጣ የግራውን እጀታ በቀስታ ወደፊት ግፉ፤ ሞተሩ ራሱ ወደ ንፋሱ ያዘነብላል። ከቀኝ ከሆነ የቀኙን።
✅ ሲኖትራክ ንፋሱን ይከልልላችኋል፤ አልፋችሁት ስትወጡ ግን ድንገት ይመታችኋል። ተዘጋጁ።
✅ የጃኬታችሁን ዚፕ ዝጉ፤ የሄልሜታችሁን ማሰሪያ እሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69%፣ ሞትን በ42% ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያልታሰረ ሄልሜት ግን ስትወድቁ ሊወልቅ ይችላል።

መስመራችሁን መጠበቅ ካቃታችሁ ወይም እጃችሁ በብርድ ከደነዘዘ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ዴሊቨሪ የምትሠሩ፣ ደንበኛ ቢቆጣም ይበርድለታል፤ የተጎዳ አንጎል ግን እንደ አጥንት አይጠገንም።

ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!