ሰርዶ ላይ የሚጫወቱት ትንሹ ጎልፍ

ጎልፍ ሲባል መራዊ ከተማ ላይ ለብዙ ሰው የሚታየው በቴሌቪዥን ያየው ነው፤ ማለቂያ የሌለው መስክና በትንሽ መኪና የሚዞር ባለጸጋ። አዲስ አበባም ቢሆን የእንግሊዝ ኤምባሲ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ያለው ከአጥር ጀርባ ነው። ታናሽ ወንድሙ ፒች ኤንድ ፓት ግን ለሕዝብ መናፈሻ የተሠራ ነው።

ጨዋታው በአሁኑ መልኩ የተደራጀው አየርላንድ ውስጥ፣ ኮርክ ከተማ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ አንድ ጉድጓድ ከመነሻው ከ90 ሜትር አይርቅም፤ የ18ቱም ጉድጓዶች ርቀት ተደምሮ ከ1200 ሜትር አያልፍም። ረጅሙ መስመር ከኳስ ሜዳ ያጥራል ማለት ነው። ትልቁ ጎልፍ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል።

ወደ እንዲህ ያለ መናፈሻ የሄደ ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ኳስና ሁለት ዱላ ይከራያል። አንዱ ዌጅ ነው፤ ብረቱ ወደ ኋላ የተጋደመ። ሌላው ፓተር ነው፤ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ኳስ ለማንከባለል የሚሆን። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚመደበው 3 ምት ነው፤ አንዱ ለመቅረብ፣ ሁለቱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጉድጓድ ውስጥ ለማስገባት።

የገና ጨዋታ የለመደ ጎረምሳ እዚህ የሚቸገረው በጉልበቱ ነው። ገና ላይ ሩሯ ትሮጣለች፣ ባላጋራ ይጋፋል፣ ጠንክሮ የመታ ይጠቀማል። እዚህ ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ 40 ሜትር ላይ ደግሞ ትርፍ ኃይል ጉድጓዱን አሳልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ይከታታል። ዱላውን እስከ ወገብ ብቻ አንሥቶ መልቀቅ ይበቃል። ጀማሪው ኳሷን ወደ ላይ ሊያነሣት ሲታገል አናቷን ይመታትና መሬት ለመሬት ትሄዳለች። ወደ ታች ቢመታት ግን የተጋደመው ብረት ራሱ ያነሣታል። ነገሩ ግር ቢልም አሥር ጊዜ የሞከረው ሁሉ ያምናል።

እንዲህ ያለ ሜዳ በእኛ አካባቢ ይሠራ ቢባል፣ ሣሩን በተመለከተ ዕድለኞች ነን። በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳዎች የሚዘራው ቤርሙዳ የሚሉት ሣር፣ ገበሬው ከጤፍ ማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው የእኛው ሰርዶ ነው። ከመሬት በላይም በታችም ይሳባል፤ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ዝቅ አድርገው ሲያጭዱት ይበልጥ ይደርባል፣ እግርም አይጎዳውም። ጥላ ግን አይወድም፤ ባሕር ዛፍ ሥር ይሳሳል። በጋ ላይ ውኃ ካጣም ይገረጣል። ከመራዊ አጠገብ ቆጋ ግድብ እያለ ለጥቂት ካሬ ሜትር ውኃ ማግኘት ይገዳል ብዬ አላስብም።

ሜዳውን ለማጠር መቸኮል ደግሞ አያስፈልግም። የጎልፍ እናት በምትባለው ስኮትላንድ የጥንቶቹ ሜዳዎች በግ የሚግጥባቸው የባሕር ዳርቻ የወል መስኮች ነበሩ። በዓለም የታወቀው የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ ዛሬም በተለመደው ጊዜ እሑድ ለጎልፍ ተዘግቶ ነዋሪው ይንሸራሸርበታል።

በእኛ የወል መስክ የሚያስቸግረው ኮቴ ነው። በክረምት ከብት የረገጠው ጭቃ ኅዳር ላይ ደርቆ የምትንከባለል ኳስ ያዘልላል። ስለዚህ መከለል ያለበት በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ትንሽ መደብ ብቻ ነው፤ መምቻውም ከመንገደኛ መተላለፊያ ፊቱን ያዙር። የቀረውን ሣር ላሞቹ ያጭዱት፤ ክፍያ አይጠይቁም።