ዕረፍት የሌለውን ልጅ ስለ ማሳደግ

በአዲስ አበባ በመርካቶ፥ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ፥ አንድ ነጋዴ ልጁን «ብሎን አምጣ፥ ዘይቱን አንሣ፥ ዝርዝር ገንዘብ ይዘህ ና» ብሎ ይልከዋል እንበል። ልጁ ብሎኑን ይይዛል፤ በመንገድ ግን ሞተር ሲፈታ አይቶ የቀረውን ኹሉ ይረሳል። በገጠርም ጥጃ ጠብቅ የተባለው ወፍ ሲከተል ጥጃው ላሟን ይጠባል። አባትም ንቀት መስሎት ቀበቶውን ይፈታል።

ነገሩ ግን ንቀት አይደለም። ሐሳቡን መሰብሰብና ሰውነቱን ማሳረፍ የሚሳነው ልጅ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 እንዲህ ያሉትን ልጆች በለንደን ለሐኪሞች ገልጦ ተናግሯል። የዛሬ ሐኪሞችም የአንጎል አሠራር ልዩነት ነው፥ ብዙውን ጊዜም በዘር ይወረሳል ይላሉ። አለንጋ ልጁን ያስፈራዋል እንጂ የማስታወስ ኃይል አይጨምርለትም፤ ፊደል በአለንጋ ለቈጠርን ሰዎች ይህን መቀበል ይከብደናል።

ስለዚህ አባት ሆይ፥ ስሙን ጠርተህ፥ ዐይኑን አይተህ፥ አንድ ነገር ብቻ እዘዘው። ያዘዝኸውን ይድገምልህ፤ ሲመለስም አመስግነህ ኹለተኛውን ንገረው። ተቈጥተህ እንደ ኾነ ቍጣህ እስኪበርድ ዝም በል።

መምህርም ልጁን ከመስኮት አርቆ በፊት ወንበር ያስቀምጠው፤ ጠመኔ አምጣ እያለም ያንቀሳቅሰው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲኾኑ ደንግጓል። ይህ ኹሉ ተደርጎ ልጁ ትምህርቱን መከታተል ካልቻለ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የሚረዳ መድኃኒት አለና።