ከእንቅልፍ በፊት ያለው ክፍተት፦ በሊኑክስ ከርነልና በተጠቃሚ ፕሮግራሞች መካከል የሚደረግ ቅንጅት

የተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ክዳን ሲዘጋ ሁለት ዓይነት ሥራ ይጀመራል። አንደኛው የከርነሉ ነው፤ መሣሪያዎችን በቅደም ተከተል አጥፍቶ፣ የዋናውን ማኅደረ ትውስታ ይዘት ብቻ በኤሌክትሪክ አቆይቶ ማሽኑን ማስተኛት። ሁለተኛው የተጠቃሚ ፕሮግራሞች ድርሻ ሲሆን ሰነድ ማስቀመጥን፣ የአውታረ መረብ ግንኙነት መዝጋትንና ማያ ገጹን መቆለፍን ያጠቃልላል። አስቸጋሪው ነገር ከርነሉ የሁለተኛውን ወገን ሥራ አለማወቁ ነው።

በሊኑክስ ፍሪዘር የተባለው የከርነል ክፍል የተጠቃሚ ሂደቶችን ባሉበት ያቆማቸዋል። ሂደቱ መቆሙ አይነገረውም። ሲነቃም በሁለት ትእዛዞች መካከል ሌሊቱ በሙሉ ማለፉን በራሱ አያውቅም፤ ሞኖቶኒክ የሚባለው የሥርዓቱ ሰዓት በእንቅልፍ ወቅት ስለማይቆጥር ይህን ሰዓት የሚጠቀም ፕሮግራም ጊዜ እንዳላለፈ ይቆጥራል። የእንቅልፍን ጊዜ ጨምሮ የሚቆጥረው ቡትታይም የተጨመረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ፍሪዘር ራሱም ሊሰናከል ይችላል። በፊውዝ የተሠራ የፋይል ሥርዓትን የሚያገለግለው ሂደት አስቀድሞ ከቆመ፣ ከእርሱ መልስ የሚጠብቀው ሌላ ሂደት ሊቆም አይችልም፤ ከርነሉ እንደ ልማዱ 20 ሰከንድ ጠብቆ እንቅልፉን ይሰርዛል። ቦርሳ ውስጥ የገባው ማሽን ግን አልተኛም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከፍሪዘር በፊት መድረስ አለበት። ይህን የሚያከናውነው ሎጊንድ የተባለው የሲስተምዲ አገልግሎት ነው። ፕሮግራሞች አስቀድመው ሁለት ዓይነት መያዣ ሊወስዱ ይችላሉ፤ አንዱ እንቅልፍን ይከለክላል፣ ሌላው ያዘገያል። የማዘግየት መያዣ የወሰደ ፕሮግራም ‹ፕሪፔር ፎር ስሊፕ› የተሰኘው መልእክት በዲ-ባስ ሲደርሰው ሥራውን ጨርሶ መያዣውን ይለቃል። መያዣው ተራ የፋይል ገላጭ በመሆኑ ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት ከርነሉ ይዘጋዋል፤ የሞተ ፕሮግራም ማሽኑን ነቅቶ እንዲያድር አያደርግም። ቀላልና ብልህ ንድፍ ነው። ጉድለቱ በገደቡ ላይ ይታያል፦ ቅንብሩ ካልተቀየረ 5 ሰከንድ ካለፈ ሥርዓቱ መያዣው ባይለቀቅም ይተኛል። ማያ ገጽ ቆላፊው በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ፣ ክዳኑ ሲከፈት ከመቆለፊያው በፊት የባለቤቱ ሰነድ ለቅጽበት ሊታይ ይችላል። ይህም ሆኖ ከመከልከል ማዘግየት ይሻላል። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የፕሮግራሞችን እንቅልፍን የመከልከያ ጥያቄ አስቀርቶ ማሳወቅን ብቻ መርጧል።

ከዚህ የሚከብደው የጊዜ ሽሚያ ነው። የተጠቃሚው ወገን «ሁሉም ዝግጁ ነው» ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ከርነሉ መተኛት ከመጀመሩ በፊት፣ የስልክ ጥሪ ቢገባ ምን ይሆናል? ማሽኑ ቀስቃሹን ውጦ ሊተኛ ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. በከርነል 2.6.36 የገባው የመቀስቀሻ ቆጣሪ ለዚህ የተሠራ ነው። የኃይል አስተዳዳሪው ቆጣሪውን ያነባል፤ ከፕሮግራሞቹ ጋር ይስማማል፤ ከዚያ ያነበበውን ቁጥር መልሶ ይጽፋል። በመካከል አዲስ ቀስቃሽ መጥቶ ከነበረ ከርነሉ ጽሑፉን አይቀበልም፣ ሙከራውም ከመነሻው ይደገማል።

ይሁንና ቆጣሪው የሚሸፍነው ክስተቱ በከርነሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ለፕሮግራሙ ተሰጥቶ ፕሮግራሙ ገና ያልሠራበት ክስተት ሌላ ጥበቃ ይሻል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከርነል 3.5 ለኢፖል የመቀስቀሻ ምልክት የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክስተቱን የተረከበው ፕሮግራም ተመልሶ ቀጣዩን እስኪጠብቅ ድረስ ሥርዓቱ አይተኛም። ነገር ግን ምልክቱ እንቅልፍን የማገድ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ የሌለው ፕሮግራም ሲጠቀምበት ከርነሉ ስሕተት አይመልስም፣ ምልክቱን በዝምታ ያልፈዋል። ጥንቃቄ ለሚሻ ሥራ ይህ ዝምታ ተገቢ አይደለም። ጥበቃ አለኝ ብሎ የሚያምን ፕሮግራም ጥበቃ ከሌለው የበለጠ ለአደጋ የተጋለጠ ነውና፣ አዘጋጁ ፈቃዱን ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ራሱ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይኖርበታል።